የእንግዳ ለስላሳ

የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ ሆዴን ይገለብጠዋል። ሠርግ ቤት ተጠርቼ አስተናጋጁ መክፈቻውን ይዞ ወደ ጠረጴዛችን ሲመጣ እጄን አነሳና «ለእኔ ውሃ» እላለሁ። ዘመዶቼ ስኳር ይዟት ይሆናል ብለው ይጠረጥራሉ። ነርስ ስለሆነች ሁሉን ነገር ታካብዳለች የሚሉኝም አሉ። ስኳር የለብኝም። ያለብኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ልንገራችሁ።

ያኔ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ፣ ሌሞ ወረዳ ውስጥ በሚገኝ የገጠር ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ። የሆሳዕና ልጅ ነኝ። አባቴ መምህር ስለነበር ቤታችን ውስጥ ከዳቦ ይልቅ «ጎበዝ» መባል ይጣፍጥ ነበር። ካደግሁ በኋላም ይቺ አመል አልለቀቀችኝም። አለቃ «ጎበዝ ሲስተር» ካለኝ ቀኑን ሙሉ ምሳ አላስታውስም። ይህን የምነግራችሁ ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ስትሰሙ ከየት እንደመጣ እንድታውቁት ነው።

በአንዲት ጎጥ ውስጥ የስኳር ሕመምተኞችን በማኅበር አደራጅተን ነበር። ሐሳቡ ሸጋ ነበር፤ አሁንም አልክድም። ከዚያ በፊት ኢንሱሊን ፍለጋ በእግር ወይም በፈረስ ጋሪ ሆሳዕና ድረስ ይሄዱ ነበር። ሲያልቅባቸው ደግሞ ዝም ብለው ቤታቸው ይተኙ ነበር። በማኅበሩ ግን መድኃኒቱ በአንድ ቦታ ይቀመጣል። ፍሪጅ ስለሌለ የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሄራሞ ቤት፣ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ እንስራ ውስጥ እናኖረዋለን። አቶ ሄራሞ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እሳቸውም ሕመምተኛ ናቸው። በየሳምንቱ ሐሙስ እንሰበሰባለን፣ እለካለሁ፣ እመክራለሁ፣ ቁስል ካለ አያለሁ። እግሩ ሊቆረጥ የነበረ ሰው በሁለት እግሩ ሲሄድ አይቻለሁ።

ከዚያ «ሞዴል» የሚባል ነገር መጣ። የስኳር ሕመም ፕሮግራሙ አስተባባሪ ዘሪሁን ይባላል። ቢሮው ከተማ ነው፣ ጫማው ጭቃ አይወድም። አንድ ቀን ጎጧ «ከስኳር ነጻ ሞዴል ጎጥ» እንድትባል ሐሳብ አመጣ። ሕመምተኛ ብቻ ሳይሆን ጤነኛውም ስኳር ከቤቱ እንዲያስወጣ ተስማማን። ስኳር ሲቀምስ የተገኘ ሰው ሐሙስ ዕለት በማኅበሩ ፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል ተባለ። እኔ ደግሞ ትምህርቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳጠርኩት፦ «ስኳር መርዝ ነው።» እንደ መዝሙር በሉ እያልኩ አስደገምኳቸው።

ስኳር ከደም ውስጥ ሲያንስም ሰው እንደሚገድል፣ ያኔ መድኃኒቱ ራሱ ስኳር እንደሆነ አላስተማርኳቸውም። በማስተማሪያ መመሪያው ላይ ነበረ። ዘሪሁን «ሁለት መልእክት ሰው ያደናግራል፣ አንዱን ያዢ» አለኝ፤ እኔም ዘለልኩት።

ከአባላቱ ውስጥ የምወዳቸው እማማ አማረች ነበሩ። ዕድሜያቸው ከአምሳ አለፍ ያለ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ የሰው እንሰት እየፋቁ የሚኖሩ ናቸው። «እኛን ስትወጊ ባል ሳታገቢ ልታረጂ ነው» እያሉ ያሾፉብኛል። እኚህ ሴት የጎረቤት ክርስትና ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ በስኳር ጠጡ ተብለው አንድ ሐሙስ ተነስተው ቆመዋል። አንገታቸውን ደፍተው «አጥፍቻለሁ» ሲሉ ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

በአንዱ ሳምንት መጀመሪያ ላይ ዘሪሁን ደወለ። ሐሙስ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፣ ከእነሱም ጋር ፈረንጆች አሉ።

«ይቺን ቀን ካሳመርሻት ፕሮግራሙ ወደ ሌሎች ወረዳዎችም ይሰፋል» አለኝ። «ላንቺም ሆሳዕና የሚሆን ቦታ አይጠፋም። ብቻ መርፌ አታሳዩን፤ አንዷ እንግዳ መርፌ ማየት አትወድም። ተወግተው ይጠብቁን፣ ስንደርስ አብረን ማዕድ እንቆርሳለን። ፎቶው የሚያምረው እዚያ ላይ ነው።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በመኪናው መጥቶ ሦስት ሳጥን ለስላሳ ሐሙስ ሐሙስ በምንሰበሰብበት የገበሬዎች ማሰልጠኛ መጋዘን ውስጥ አስቀመጠና ቆለፈበት። ቁልፉን ኪሱ ከተተው። ከስኳር ነጻ በሆነች ጎጥ ውስጥ ለስላሳ ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅሁም። የእንግዳ ነዋ። የጎጧን ብቸኛ ሱቅ የያዘውን ከድርንም በማግስቱ ሱቁን እንዳይከፍት አስጠነቀቀው፤ መደርደሪያው ላይ ስኳርና ከረሜላ አለ፣ እንግዶቹ በዚያ በኩል ያልፋሉ። ከድር የጉራጌ ነጋዴ ነው፤ ለአንድ ቀን ሱቅ መዝጋት ደስ አላለውም። ግን ነገር አልፈለገምና ዘግቶ ቦኖሻ ገበያ ወረደ።

ሐሙስ ጠዋት እኔም የራሴን ድርሻ ተወጣሁ። በሞተር ስመጣ የምይዘውን የድንገተኛ ሕክምና ሳጥን፣ ግሉኮስ ያለበትን፣ ጤና ጣቢያ ትቼው በቦታው ለዕለቱ የተላከልንን ቲሸርት ጭኜ መጣሁ። ሞተሩ ላይ ሁለቱን የሚይዝ ቦታ አልነበረም።

ማሰልጠኛው ግቢ ውስጥ ዳስ ተጥሏል። ሴቶቹ አተካና ሲሠሩ አድረዋል ማለት ይቻላል። አተካና ከእንሰት ቡላ በቅቤና በወተት የሚሠራ የክብር እንግዳ ምግብ ነው። በትልቅ ገበታ ላይ አድርገው፣ ከላይ በማንኪያ ጀርባ አስውበው፣ በእንሰት ቅጠል ሸፈኑት። ሲያዩት እውነትም ያምራል።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ሆሳዕናን ለቀናል። ሃያ ደቂቃ» አለኝ ዘሪሁን። እኔም ወደ ሰዎቹ ዞሬ «ተወጉ» አልኳቸው። ኢንሱሊን የተወጋ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ መብላት አለበት። ይህንን ማንም ነርስ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ኢንሱሊን የሚወጉት አሥራ አንዱም አባላት ተራ በተራ ተወግተው፣ አዲሱን ቲሸርት ከልብሳቸው በላይ ለብሰው በገበታው ዙሪያ ተቀመጡ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ማንም አልመጣም። ስደውል ዘሪሁን እየሳቀ አነሳው፤ ከበስተኋላው የሳህንና የሹካ ድምፅ ይሰማል።

«ልንወጣ ስንል ሆቴሉ ጋ ለቁርስ ቆመን ነው፣ እንቁላላቸውን ጨርሰዋል፣ መጣን።»

ስልኩን ዘግቼ አቶ ሄራሞ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ሰዎቹ ይብሉ። ተወግተዋል።»

«እንግዳ ሳይቀምስ?» አሉኝ። «እንዴት አድርገን ሲስተር? እንግዳ ጠርተን ገበታውን ቀድመን ብናፈርሰው ምን ይሉናል? በእኛ ዘንድ እንዲህ ተደርጎ አያውቅም።»

እሳቸውም ተወግተዋል፣ እሳቸውም ርቧቸዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። አንድ ቃል ብጨምር፣ እንደ ባለሙያ ቆጣ ብል ይሰሙኝ ነበር። ግን ገበታውን አየሁት። ከተቆረሰ ፎቶው ይበላሻል። ባህሉን ከእሳቸው ይልቅ መደገፊያ ያደረግሁት እኔ ነኝ። «እሺ፣ ትንሽ እንጠብቅ» ብዬ ተመለስኩ።

አራት ሰዓት አካባቢ እማማ አማረች በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሆዴም ባዶውን ይጮሃል።»

«ትንሽ ይታገሡ እማማ፣ ደርሰዋል።»

«የምንጠብቀው እንግዳ ነው ወይስ ሙሽራ?» አሉና ሳቁ። ከጎናቸው ያሉትም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ብልጦቹ አንድ ሁለት እያሉ ሽንት ቤት የሚሄዱ መስለው ወጥተው ከቤታቸው ቆሎ ቆርጥመው ተመልሰዋል፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። እማማ አማረች ግን አንድ ጊዜ ሰው ፊት ቆመዋል። ሁለተኛ መቆም አልፈለጉም።

አምስት ሰዓት አልፎ ነጠላቸውን ሲጥሉ አየሁ። ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል፣ አየሩ ግን ቀዝቃዛ ነበር። በአፍ መፍቻቸው በሀዲይሳ መናገር ጀመሩ። ላሟን ከማሳው አስወጣት፣ እንሰቱን ልትበላው ነው ይላሉ። የሚያናግሩት የሞቱትን ባላቸውን ነው። አንዳንዶች ፈገግ አሉ። አንዲት ሴት «ምን ቀምሳ መጣች?» አለች።

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። «አስፋልቱን ለቀን ኮረኮንቹ ውስጥ ገባን» አለ ዘሪሁን።

አሁን የምነግራችሁን መናገር ዛሬም ያሳፍረኛል። ተወግቶ ያልበላ ሰው እየተንቀጠቀጠ ሲያልበው ምን እንደሆነ ላውቅ አንድ ሰከንድ አልፈጀብኝም። ዐወቅሁ። ዐውቄ ግን መጀመሪያ ያደረግሁት እማማ አማረችን በብብታቸው ይዤ ከዳሱ ማስወጣት ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ወስጄ ጆንያ ላይ አስተኛኋቸው። «እዚህ ጥላ ነው፣ ይረፉ» አልኳቸው። እንግዳ እንዳያያቸው ነው። የደም ስኳር መለኪያዬን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሠላሳ አንድ ይላል፤ ከሰባ መውረድ አልነበረበትም።

ቀና ስል አቶ ሄራሞ ከአጠገቤ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የኢንሱሊን ብልቃጥ፣ በሌላው ሲሪንጅ ይዘዋል። ቤታቸው ቅርብ ነው፤ ሮጠው ከእንስራው አውጥተው መጥተዋል።

«ስኳሯ ወጥቷል» አሉኝ። «ጨምሪላት። አስተምረሽን የለ?»

እጃቸውን ይዤ ሲሪንጁን ቀማኋቸው። «ይገድላታል ጋሼ። ወርዷል። ስኳር ነው የምትፈልገው። ስኳር አምጡ፣ ቶሎ።»

ዳስ ውስጥ ያሉትም መጥተው ከበቡን።

«ስኳር?» አሉ አቶ ሄራሞ።

«ስኳር፣ ማር፣ ከረሜላ፣ ያላችሁን።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰዎቹ እኔን ሳይሆን እርስ በርስ ነበር የሚተያዩት። ወራት ሙሉ መርዝ ነው ያልኳቸውን ነገር አሁን ለሞት ለተቃረበች ሴት አምጡ ስላቸው የደነገጡ እንጂ ክፉዎች አይደሉም። ቢጫ ሻሽ ያሰረች አንዲት ሴት መሬት መሬት ታያለች። አንዱ «ስኳር የለንም ሲስተር፣ አውጡ ብለሽን አውጥተናል» አለ። ሌላው የከድርን ሱቅ አስታወሰ፤ ሱቁ ተቆልፏል፣ ባለቤቱ ቦኖሻ ነው። አተካናውን አስቤ ነበር፤ ግን በቅቤ የተለወሰ ቡላ ቶሎ ደም ውስጥ አይገባም፣ እማማም ጥርሳቸው እየገጠመ ነበር። ጤና ጣቢያው ደግሞ ደርሶ መልስ ከአርባ ደቂቃ በላይ ነው።

ያኔ ነው መጋዘኑ ትዝ ያለኝ። ጀርባችንን ከሰጠነው ግድግዳ ኋላ ሦስት ሳጥን ለስላሳ፣ ሦስት ሳጥን ስኳር ነበረ።

ዞሬ በሩ ጋ ስደርስ አቶ ሄራሞ ቀድመውኝ ቆመዋል። «ሲስተር፣ የእንግዳ ነው። ቁልፉም የለም። ዘሪሁን ይምጣ፣ ደርሷል።»

ከሩቅ የመኪና ድምፅ ይሰማል። እናም ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም ይሆናል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ የተሰበረ በር፣ የዘሪሁን ፊት፣ የሆሳዕናው ቦታ በአእምሮዬ አለፉ። እማማ አማረች ከኋላዬ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ አሰሙ።

«ከፊቴ ዞር ይበሉ» አልኩ። ትልቅ ሰውን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ዞር አሉ። ዳሱ የተተከለበትን ዶማ አንስቼ ቁልፉ የገባበትን ብረት መታሁት። በአራተኛው ተነቀለ።

መክፈቻ አልነበረም። ቆርኪውን የበሩ ብረት ላይ አስደግፌ መታሁት፤ ፈነዳና አረፋው እጄ ላይ ፈሰሰ። እማማን በጎናቸው አስተኝቼ በጣቴ እየነከርኩ ጉንጫቸው ውስጥ፣ ድዳቸው ላይ እቀባለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ምላሳቸው ጣቴን ፈለገው። ጥቂት ቆይቶ ዋጡ። አንገታቸውን ደግፌ በትንሽ በትንሹ አጠጣኋቸው። ሁለተኛውን ጠርሙስ ስናጋምስ ነበር ዘሪሁን የመጋዘኑን ጥግ ዞሮ የመጣው።

«በሩን ማነው የሰበረው?»

ያለው ይህንን ነው። እማማን አያቸው፣ ጠርሙሱን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «በይ ቶሎ አስነሺያት፣ እንግዶቹ ወርደዋል» አለኝና ሸሚዙን እያስተካከለ ተመለሰ።

እማማ አማረች ቀስ እያሉ ነቁ። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ቀጥለው ጠርሙሱን። ፊታቸው ተለወጠ። አፋቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ቶሎ ቶሎ ጠረጉ። «ይረፉ እማማ» ስላቸው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ፤ ልይዛቸው ስል እጄን ገፋ አድርገው ወደ ዳሱ አመሩ። ምግብ ፍለጋ መስሎኝ ተከተልኳቸው።

እንግዶቹ ወንበራቸውን ይዘዋል። እማማ አማረች መሃል ገብተው ቆሙ። አንገታቸውን ደፉ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። «ለስላሳ ጠጥቻለሁ። የእንግዳ ነው የጠጣሁት። ሁለተኛ አይለምደኝም።»

ዘሪሁን አላመነታም። በእንግሊዝኛ ለፈረንጆቹ አስረዳቸው። የማኅበሩ ሥርዓት ነው፣ ያጠፋ ሰው ራሱን ያጋልጣል፣ እዚህ ድረስ ነው የሠራነው አላቸው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። አንዷ ዓይኗን ጠረገች። አንዱ ብድግ ብሎ ፎቶ አነሳቸው። ላባቸው ገና አልደረቀም ነበር።

እኔ ከመጋዘኑ ጀርባ ሮጬ አስመለስኩ። ምንም አልበላሁምና የወጣው መራራ ውሃ ነው። ያቅለሸለሸኝ ዘሪሁን ብቻ አይደለም። ጭብጨባውን አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት።

ስመለስ ንግግር ተጀምሯል። ወደ ገበታው ሄጄ የእንሰቱን ቅጠል ገፍፌ ጣልኩና ያንን የተዋበ አተካና በእጄ ከመሃሉ ቆረስኩት። ለእማማ አማረች አስያዝኳቸው፣ ከዚያ ለሌሎቹ። «ብሉ» አልኳቸው። ማንም አልነካውም፤ ሁሉም አቶ ሄራሞን ያያሉ። አቶ ሄራሞ እንግዶቹን አዩ፣ እማማን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቆርሰው ጎረሱ። የቀሩትም ተከተሏቸው።

ዘሪሁን ፈገግ ብሎ «ባህላዊ የአቆራረስ ሥርዓት ነው» ሲል ሰማሁት። እንግዶቹ አንዳንድ ማንኪያ ቀመሱና ቁርስ በልተናል ብለው ተዉት። ለስላሳውን ግን ጠጡት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላሳጥርላችሁ። የተፈጠረውን አንድም ሳላስቀር ጽፌ ለበላይ አካል ላክሁ፤ መልስ አልመጣም። ዘሪሁን «ሰው ሞተ እንዴ? ምን ታካብጃለሽ?» አለኝ። የእማማ አማረች ፎቶ በትልቁ ታትሞ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ ከሥሩ «ስኳርን እምቢ ያሉ እናት» ይላል። ባየሁት ቁጥር አፌ ውስጥ ያ መራራ ውሃ ይመጣል። ሆሳዕና የተባለው ቦታ አልተሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በሚቀጥለው ሐሙስ መቆሚያው ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ምን እንደዘለልኩ፣ ለምን እንደዘለልኩ፣ እማማን ለምን ከመጋዘን ጀርባ እንደወሰድኳቸው ተናገርኩ። አቶ ሄራሞ ከመቀመጫቸው ተነስተው «እኔም በሩ ላይ ቆሜያለሁ» አሉ። ቢጫ ሻሽ ያሰረችው ሴት ስብሰባው ካለቀ በኋላ ተከትላኝ መጣች። ቤቷ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ስኳር ደብቃ ነበር። ቤቷ ከግቢው ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። «ብናገር ያቆሙኛል ብዬ ነው» አለችና አለቀሰች። ከድር ደግሞ ነገሩን ሲሰማ ሱቁ በር ላይ አስቁሞኝ «ቢጠይቁኝ በነጻ እሰጥ ነበር፤ ግን ደብቅ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ» ብሎኛል።

አሁን ማንም ተወግቶ እንግዳ አይጠብቅም። ሚኒስትርም ይምጣ ጳጳስ፣ የተወጋ ሰው ቀድሞ ይበላል። መቆም የሚባል ነገር ቀርቷል። እናንተም ቤት ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ካለ፣ ሲያልበውና ሲቀባጥር ካያችሁ ሰክሯል ወይም ብሶበታል ብላችሁ መርፌ አትጨምሩ። መዋጥ ከቻለ ስኳር ስጡት፣ ካልቻለ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ይህንን ለመጻፍ ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው የፈጀብኝ። ያኔም ለማስተማር ከዚያ በላይ አይፈጅብኝም ነበር።

እያንዳንዱ አባል ስኳር በፌስታል ቋጥሮ እንዲይዝ አድርጌያለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ ይዛችኋል ወይ ብዬ አያለሁ። ሌሎቹ ከኪሳቸው አውጥተው ያሳዩኛል። እማማ አማረች ግን ሁሉም እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ከዚያ ጠጋ ብለውኝ ግራ ቀኙን ያያሉ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ፈታ አድርገው ቋጠሮዋን ያሳዩኝና ወዲያው መልሰው ያስሯታል።

«አይዞሽ ልጄ» ይሉኛል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማንም አላየኝም።»